የሐኪሙ ውሾችና የአባቴ መቀመጫ

ለሐኪሙ የሠራሁትን የመጀመሪያ ሥራ ውሾቹ በሉት።

ጣሊያኑ ሐኪም ለመኪናው ወንበር ልብስ እንድሰፋለት አዝዞኝ ነበር። ደህና ሆኖ የለፋ የበግ ቆዳ መረጥኩ። ለኮርቻ እንደምናደርገው ቅቤ እያጠጣሁ፣ በእጄ እያሸሁ፣ እንደ ጨርቅ እስኪተጣጠፍ አለሰለስኩት። በጅማት ሰፍቼ አስረከብኩ። ሐኪሙ ደጀን አድሮ ሲመለስ ከልብሱ የተረፈው የስፌቱ ጠርዝና መዳፍ የምታህል ቁራጭ ብቻ ነበር። ሁለቱ ውሾች የኋላው ወንበር ላይ ተጋድመው አፋቸውን ይልሳሉ። በቅቤ የለሰለሰ ቆዳ ለበቅሎ ጀርባ የሚስማማው በቅሎ ቅቤ ስለማትበላ መሆኑን እስከዚያ ቀን ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።

ይህ የሆነው ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በዓመቱ ግድም ነው። አገሩ ገና በግልጽ አልሸፈተም፤ ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ጊዜ ይጠብቃል። እኔ ከገበያው ዳር በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ኮርቻ፣ ልጓምና መጫኛ እሠራ ነበር። ይህን ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ ያረጀ ኮርቻ አግኝቼ ስፌቱን በየተራ ፈታሁት፤ የትኛው ጠፍር በየትኛው ላይ እንደሚያልፍ፣ ወስፌው በምን ያህል ርቀት እንደገባ አየሁ፤ ከዚያ መልሼ ሰፋሁት። አልጥም ሲለኝ ደግሞ ፈታሁት። እንዲህ እያልኩ ነው እጄ የተፈታው።

አባቴ ከአምበር ወጣ ብሎ ባለ ደብር የሚቀድሱ ቄስ ናቸው። እኔን ለድቁና አስበውኝ ነበር። ፊደልና ዳዊት ከእሳቸው ተማርኩ፤ ዜማው ላይ ስደርስ ግን ድምፄ አልታዘዝ አለኝ። የቄስ ልጅ ቆዳ ሲዳብስ መዋሉ አሳፈራቸው። ሰው ስለ እኔ ሲጠይቃቸው «ከተማ ነው፤ ይሠራል» ይላሉ እንጂ ምን እንደምሠራ አይናገሩም። እኔም ክፉኛ ይሰማኝ ነበር፤ ነገር ግን ከእሳቸው ጋር መከራከር አልችልበትም፤ ዝም ማለት ይቀለኛል።

በዚያው ሰሞን አባቴ ከበቅሎ ወድቀው ቅልጥማቸው ቆሰለ። ቁስሉ ላይ ላዩን ደርቆ ከውስጥ መግል ቋጠረ፤ እግሩ እስከ ጉልበታቸው አበጠ። የአገሩ መድኃኒት ሁሉ ተሞከረ፤ አልሆነም። በቅሎ ላይ መቀመጥ አልቻሉም። በቃሬዛ እንዳናመጣቸው ደግሞ ከተማው መግቢያ ኬላ ላይ ወንዶቹን ለመንገድ ሥራ እያፈሱ ይወስዷቸው ስለነበር ተሸካሚ የሚሆን ሰው ጠፋ። እግራቸው ከተቆረጠ ቅዳሴ የለም፤ ቄስ ቆሞ ነው የሚቀድሰው። ቁስሉ ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ እሳቸውም አይኖሩም።

ሐኪሙ በየሳምንቱ ደጀን ወዳለው የወታደሮች ማከሚያ ይሄዳል፤ መንገዱ በአምበር ነው። ከተማችን ውስጥ ሰው ወደ እሱ የሚሄደው ሌላው ሁሉ እንቢ ሲለው ነበር። እኔ ግን ሊቆረጥ ነው የተባለውን የአንዲት ጎረቤታችንን ክንድ ሲያድን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ የተበላውን ልብስ ሊያሳየኝ የመጣ ቀን፣ ከመሸማቀቄ ጋር፣ የምፈልገውን ነገርኩት። እሱ የተቆራረጠች አማርኛ አለችው፤ እኔ ደግሞ ከገበያ የለቀምኳት ጥቂት ጣሊያንኛ አለችኝ።

«አባት፣ እሺ። መንገድ ላይ ይቁም፣ እኔ እወስዳለሁ» አለ። ቀጥሎ ወደ ውሾቹ እያመለከተ፣ «እነሱ ግን አይቀሩም» አለኝ። ሦስተኛውን ውሻ ቤት ትቶት ሲሄድ ሰው መርዝ አብልቶ ገድሎበታል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ከዓይኑ አይለያቸውም። ነጭ መደብ ላይ ቡናማ የተረጨባቸው፣ ጆሯቸው እስከ አገጫቸው የተንጠለጠለ አዳኝ ውሾች ናቸው። ትልቁ ከፊት ከጌታው ጎን መቀመጥ ይወዳል፤ ትንሹ ከኋላ ሆኖ መስኮቱን በምራቁ ያዝረከርከዋል።

በማግስቱ አምበር ሄድኩ። አባቴ መደብ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው እናቴ ጥጥ ትፈትላለች።

«አባ፣ መኪና አግኝቻለሁ» አልኳቸው።

«የማን መኪና?»

«የጣሊያኑ ሐኪም።»

«ያ ውሾቹን እንደ ሙሽራ አስቀምጦ የሚያልፈው?»

«አዎ።»

አባቴ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ሐኪሙን ተወው፤ ሐኪም ሐኪም ነው። ጣሊያንነቱንም እግዜር ይየው። እኔ ግን ውሻ በተኛበት ላይ ተቀምጬ፣ ፀጉሩን በነጠላዬ ይዤ መቅደስ ልግባ? እንዲያ ከሆነ እግሬ ቢድን ለምን ይሆነኛል?»

«ውሻ ያልነካው መቀመጫ ባዘጋጅልዎትስ?»

«በሌላ መኪና?»

«በዚያው መኪና። ውሾቹም እያሉ።»

እግራቸውን አዩት፤ እኔንም አዩኝ። «እስኪ አድርገውና አየዋለሁ» አሉ። ድምፃቸው አታደርገውም የሚል ነበር።

እናቴ የተበላውን የወንበር ልብስ ወሬ ስነግራት እንዝርቷን እስክትጥል ሳቀች። «ቅቤ ቀብተህ ለውሻ? ሰሐንም ብትጨምርለት ምን ነበር!» አለችኝ። ከዚያ እንባዋን እየጠረገች፣ «አንተ እኮ ከጡት አልወርድ ብለህ ሦስት ዓመት ልትደፍን ነበር። በምን ጡት ያስጣልኩህ ይመስልሃል?» አለች።

«በምን?»

«በሬት ነዋ! አንዴ ቀምሰህ እስከ ዛሬ እንደ ጠላት ነው የምታየው።»

ከአጥሩ ሥር ሬት ቆርጬ ይዤ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ቆዳውን ቅቤ አላስነካሁትም። ያለሰለስኩት በጉሎ ዘይት ነው፤ ሲደርቅ የሬቱን ውኃ ደጋግሜ ቀባሁት። የኋላውን ወንበር በእሱ ሸፈንኩ። አለባበሱን ከበቅሎ ወሰድኩ፤ ልብሱ ወንበሩ ላይ ይጣልና ከሥር በሚያልፍ ጠፍር ልክ እንደ ኮርቻ መቀነት ይጠበቃል። መፍታት ሲፈለግ ዘለበቱን መልቀቅ ብቻ ነው፤ አውጥቶ ማጠብ፣ ማስጣት ይቻላል። የመኪናው ወለል ላይ ከበረሃ የመጣ ሰሌን አነጠፍኩ፤ ጭቃው ሲደርቅ አንሥቶ ማራገፍ ነው። ትልቁ ውሻ አዲሱን ልብስ አሽትቶ አንድ ጊዜ ላሰው። ምላሱን አውጥቶ ራሱን አራገፈ፤ እኔንም ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ ጥርሱን አላሳረፈበትም።

ቀጥሎ የቀረው ውሾቹን ባሉበት ማቆየት ነበር። መጀመሪያ ያሰርኳቸው አንገታቸውን ነው፤ ውሻ ሌላ የሚታሰርበት ቦታ ያለው አይመስለኝም ነበር። ሐኪሙ ከተማውን አንድ ዙር አዞረንና ፍሬን ሲይዝ ትልቁ ውሻ ወደፊት ተወርውሮ በገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። ዓይኑ ፈጠጠ። ሐኪሙ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ ፈታው። ቆጣ ይላል ብዬ ስጠብቅ የራሱን ደረት በጡጫው እየመታ፣ «እዚህ! አንገት አይደለም፤ እዚህ!» አለኝ።

ሲል ገባኝ። ዳገት ስንወጣ ኮርቻው ወደ ኋላ እንዳይሸሽ የበቅሎዋን ደረት የሚይዝ ጠፍር አለን። ያንኑ ለውሻ አሳነስኩት። አንዱ ጠፍር ደረቱን ያቅፋል፤ አንዱ ከፊት እግሮቹ ኋላ በሆዱ ሥር ይዞራል፤ ሁለቱ ጀርባው ላይ በአንድ የብረት ቀለበት ይገናኛሉ። ከቀለበቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አጫጭር ጠፍሮች ወጥተው የወንበሩን ብረት ይይዛሉ። ውሻው ይቀመጣል፣ ይተኛል፣ ይገላበጣል፤ በሩ ጋ ግን አይደርስም፣ ወደፊትም አይዘልም። ልካቸውን የወሰድኩት ተኝተው ሳለ በክር ነው። ብብታቸውን እንዳይልጠው የጠፍሩን ጠርዝ በሱፍ ጨርቅ ለበጥኩት።

ከሱቄ ፊት ለፊት የሚሠራው ሸማኔ ይህን ሁሉ ሲያይ ሥራ ፈታ።

«ኧረ ኑ እዩ! ለውሻ ኮርቻ ይሰፋል!» ብሎ ይጣራል። «ማን ሊጋልባቸው ነው? ጣሊያን በቅሎው አልቆበት ነው?»

ሌላው ከመንገድ ይቀበለዋል። «እርካብ አልሠራህላቸውም እንዴ? አዘንኩብህ!»

እኔ ወስፌዬን ይዤ እቀጥላለሁ። ለወራሪ ውሻ ስሰፋ መታየቴ ሳያንገበግበኝ ቀርቶ አይደለም። ግን አባቴ ያልታመመ አንድ እግር ብቻ ነው ያላቸው፤ ሁለተኛውን የሚያድን መንገድ በእነዚያ ውሾች በኩል ነበር የሚያልፈው። ስፌቴን አጠበቅሁ።

በፊትና በኋላ ወንበር መካከል መጋረጃ ሠራሁ። ከላይ ድርብ የድንኳን ሸራ፣ ከታች ውሻ ሊገፋው እስከሚችልበት ከፍታ የበሬ ቆዳ ነው። ከጣሪያው እስከ ወለሉ፣ ከበር እስከ በር ወጠርኩት፤ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት አልተውኩም።

የፊቱ ወንበር ከሁሉም የከበደኝ ነው። ትልቁ ውሻ ስንት ጊዜ ተኝቶበታል። የቀድሞውን ልብስ ገፍፌ ጣልኩ። ውስጡ የነበረውን የፈረስ ጭራ አውጥቼ አዲስ ሞላሁበት፤ ብረቱንና እንጨቱን በእንዶድና በፈላ ውኃ አጠብኩ። ለእሱ የሚሆነውን አዲስ ልብስ ግን ሱቅ ውስጥ አልሰፋሁትም፤ ሱቅ ውሾቹ ይገባሉ። ማታ ማታ ቤቴ ሰፍቼ፣ በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልዬ፣ ከምሰሶው ላይ ሰቀልኩት።

ሐኪሙ ሥራውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር እየነካ አየ። «ለእኔም ወንበር እንዲሁ ሥራ» አለኝ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ የውሾቹን ጠፍር በኃይል ሳበው። አልላላም። ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ ጠመዝማዛው ላይ እንዳያስመልሳቸው በጉዞው ቀን ለውሾቹ ውኃ እንጂ ምግብ እንዳይሰጣቸው። እሺ አለ።

በተባለው ቀን እኔም ከሐኪሙ ጋር ደጀን ሄጄ ስንመለስ፣ ቀኑን ልኬባቸው ስለነበር፣ አባቴ አምበርን አለፍ ብሎ መንገዱ ዳር ቆይተውናል። ጎረቤቶች እስከዚያ ድረስ በአልጋ ተሸክመው አምጥተዋቸው አንድ ዋርካ ሥር አሳርፈዋቸዋል። ሐኪሙ መኪናውን አቆመ። አጠገቡ ወዳለ ምንጭ ወርጄ እስከ ክንዴ በእንዶድ ታጠብኩ፤ ይዤው የመጣሁትን ሌላ ልብስ ለበስኩ፤ ጥቅሉንም ዓይናቸው እያየ ፈትቼ ወንበሩን አለበስኩ። መቀነቱን ሳጠብቅ አባቴ በምርኩዛቸው ወደፊት አዘንብለው ያዩኛል።

«የት ነው የሰፋኸው?» አሉኝ።

«ቤት።»

«ውሾቹ ቤትህ ገብተው ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ሱቅ ውለህ ስትገባስ? ልብስህ?»

«ሌላ ልብስ ቀይሬ፣ እጄን ታጥቤ ነው የሰፋሁት። ማታ ማታ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ውሾቹ ከመጋረጃው ኋላ ያለከልካሉ። ጎረቤቶቹ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያሉ። እኔ ሐሰት እንደማልናገር አባቴ ያውቃሉ፤ ይህን ያህል እንደምጠነቀቅ ግን የሚያውቁ አይመስለኝም ነበር። የጠየቁኝ ሁሉ አስቀድሜ ራሴን የጠየቅኩት ነበር፤ ያልመለስኩት አንድ እንኳ አልነበረም።

«ደግፉኝ» አሉ በመጨረሻ፤ ለጎረቤቶቹ።

ከሐኪሙ ጎን አስቀመጧቸው፤ የታመመውን እግር የመድኃኒት ሣጥኑ ላይ ዘረጉላቸው። እኔ ከኋላ በውሾቹ መካከል ገባሁ። ትንሹ እያለቀሰ እጄን ሲልስ አባቴ በመጋረጃው በኩል፣ «ምን ሆኖ ነው የሚያላዝነው?» አሉ።

«ርቦት ነው፣ አባ። ከጠዋት ጀምሮ አልበሉም።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ከተማ እስክንገባ። ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል።»

«እስከ ዘጠኝ!» አሉ አባቴ። «ከእኔ ምእመናን ይሻላሉ።»

ሐኪሙ ምን እንደተባለ ሳይገባው ሳቀ፤ ከመኪናው ውስጥ ያለን ሁሉ አብረን ሳቅን።

ደብረ ማርቆስ ከመድረሳችን በፊት መንገዱ ወደ ወንዙ ሲወርድ ይጠማዘዛል። ከአንዱ ኩርባ ብቅ ስንል ጭነት የያዙ አህዮች መንገዱን ሞልተውታል። ሐኪሙ ጮኸና ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው ጎማው እየተፋጨ ተንሸራተተ። እኔ በትከሻዬ ከፊቱ ወንበር ተጋጨሁ። ሁለቱ ውሾች በሙሉ ክብደታቸው ወደፊት ሄዱ፤ ጠፍሮቹ ተወጥረው ሲጥ አሉ። እያንዳንዱ ስፌት ሲጮህ ሰማሁት፤ እንዳያቸው ግን ጊዜ አልነበረም። ያን ትልቅ ውሻ አባቴ ማጅራት ላይ ሲወድቅ፣ እግራቸው ሲጎዳ፣ ነጠላቸው በምራቅ ሲርስ በአንድ ቅጽበት ታየኝ።

አልወደቀም። ጠፍሩ በደረቱ ያዘው፤ ወደ ወንበሩ መለሰው። መጋረጃውም ከቦታው አልለቀቀም። አህዮቹ አቧራ እያስነሡ ግራና ቀኝ አለፉ።

«ውሾቹ የት አሉ?» አሉ አባቴ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

«ቦታቸው ላይ ናቸው።»

«ምን ያዛቸው?»

«የሰፋሁት ጠፍር» አልኩ።

ስለ ሥራዬ ለአባቴ አፌን ሞልቼ የተናገርኩበት የመጀመሪያው ቀን ይህ ነው። ከመጋረጃው ማዶ፣ «ደህና ይዟል» አሉ አባቴ። ውሾቹን ደረታቸውን ዳበስኩ፤ የተላጠ የለም፣ የቆሰለ የለም። ትልቁ ጭኔ ላይ ራሱን ጣለ። ኬላው ላይ ወታደሩ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ ከፊት ቄስ ከኋላ ውሻ አይቶ፣ ግራ ገብቶት አሳለፈን።

ደብረ ማርቆስ ባለው የሐኪሙ ማከሚያ በረንዳ ላይ አባቴ መጀመሪያ ያደረጉት እግራቸውን ማሳየት አልነበረም። ነጠላቸውን አውልቀው ፀሐይ ላይ ዘረጉ፤ እጥፉን ገልጠው፣ ጥለቱን በጣታቸው እየዳበሱ፣ ክር በክር መረመሩት። እኔም አጠገባቸው ቆሜ እንደ እሳቸው አየሁ። አንድ ፀጉር አልተገኘም። አጥፈው መልሰው ለበሱና፣ «እንግዲህ ይየው» አሉ፤ እግራቸውን ለሐኪሙ ዘርግተው።

ሐኪሙ ቁስሉን ከፍቶ ከውስጡ የአጥንት ስንጥር አወጣ። ብዙ መግል ፈሰሰ። አባቴ እዚያው ሳምንታት ተኙ። እብጠቱ በየቀኑ እየጎደለ፣ እግሩ የእግር መልክ ያዘ። በዚያ ሰሞን ከደብራቸው ካህናት ሊጠይቋቸው መጡ፤ አንደኛው ቀልደኛ ነበር።

«በውሻ መኪና መጡ የሚባለው እውነት ነው?» አለ። «የትኛው ነበር የነዳው፤ ትልቁ ወይስ ትንሹ?»

ካህናቱ ሳቁ። እኔ ውኃ ቀድቼ ስገባ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እናንተ በበቅሎ መጥታችሁ ነጠላችሁ የበቅሎ ላብ ይሸታል» አሉ አባቴ። «የእኔ መቀመጫ ከእናንተ ይጸዳል። ልጄ ነው የሰፋው። ኮርቻ ሰፊ ነው፤ ይኸው ቆሟል፣ ጠይቁት።»

ሁሉም ዘወር ብለው አዩኝ። ውኃውን የማስቀምጥበት ጠፋኝ።

አባቴ ድነው በምርኩዝ መራመድ ሲጀምሩ ወደ ደብራቸው ከመመለሳቸው በፊት ሱቄ መጡ። ሱቄን ረግጠው አያውቁም ነበር። ሸማኔው ከእቃው ላይ ብድግ ብሎ መስቀል ተሳለመ። እሳቸው አጎንብሰው ገብተው የተሰቀለውን ልጓም፣ ያልተጨረሰውን ኮርቻ፣ ወስፌውን ሳይቀር አዩ። ከዚያ አንድ ዲያቆን ተሸክሞት የመጣውን የደብሩን ከበሮ አስቀመጡልኝ። ማንገቻው ተበጥሷል።

«ለበዓሉ እንዲደርስ» አሉ።

ከበሮውን አንሥቼ ሆዴ ላይ ይዤ፣ የማንገቻውን ርዝመት በቁመቴ በክር ለካሁ። ዲያቆኑ ከእኔ አጠር ይላል፤ ያንን ቀነስኩ። ክሩን የያዝኩበት ቦታ ላይ አባቴ ጣታቸውን አሳረፉ።

«እዚህ ጋ ይሁን። ትንሽ ይጠር» አሉ።

«አይጠርም፣ አባ። አዲስ ጠፍር ስለሚሳብ ከበሮው ወርዶ ወገቡን ይመታዋል ብለው ነው፤ ግን ካጠርኩት ሲያሸበሽብ ክርኑን ይይዘዋል።»

ጣታቸውን ከክሩ ላይ አነሡ። ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ በሁለቱ እግራቸው ቆመው ለትንሽ ጊዜ እጄን አዩ።

«እሺ» አሉ። «አንተ ታውቃለህ።»